ስለ ደመራና ስለ ችቦ እሳት ለሕፃናት ጥበቃ የሚሆን ትምህርት

በጎጃም፣ በዱርቤቴም ሆነ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ፣ ክረምቱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ሕፃናትና ጐበዛዝት ደጋግመው ከእሳት ጋራ ይገናኛሉ። ይኸውም ነሐሴ 12 ቀን ማታ በቡሄ ዋዜማ፣ ቀጥሎም በዘመን መለወጫ ዋዜማ ችቦ ይበራል፤ ለመስቀል በዓል ደግሞ መስከረም 16 ቀን ደመራ ይደመራል፤ እንደየአገሩ ልማድም በዋዜማው ማታ ወይም በ17 ቀን ማለዳ ይለኮሳል። ይህ በዓል በዓለም የታወቀ ስለ ሆነ፣ ዩኔስኮ የተባለው የመንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ከሰው ልጆች ቅርስ መዝገብ አገባው።

እንግዲህ የበዓሉ እሳት ይቅር የሚል የለም፤ የሚያስፈልገው እሳቱ በሥርዓት እንዲሆን ነው። አባቶች ለደመራ ሥርዓት ሠርተውለታል፤ ካህናት ጸሎት አድርሰው፣ ሕዝቡ ዞሮ ሳይጨርስ ማንም አይለኩስም። ይህ ሥርዓት ለበዓሉ ክብር፣ ለሕፃኑም አጥር ነው። ጐበዛዝት ችቦ ይዘው ሲጋፉ ግን አጥሩ ይፈርሳል፤ የደስታውም ቀን ለአንዲት እናት የልቅሶ ቀን ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን መምህራንና ሽማግሎች ለልጆች ያስረዱ።

1ኛ፤ ስለ ደመራው ምሰሶ። ሕዝቡ ምሰሶው ወደየት እንደሚወድቅ አይቶ የዓመቱን ነገር ይተረጕማል፤ ልጆችም ይህን ለማየት ወደ እሳቱ ይሽቀዳደማሉ። ነገር ግን የነደደ ምሰሶ የሚወድቅበትን ወገን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሕፃናት የምሰሶውን ቁመት እጥፍ ያህል ርቀው፣ ነፋሱ ከኋላቸው በሚመጣበት ወገን ይቁሙ። ሽማግሎችም ወሰኑን አስቀድመው በድንጋይ ያመልክቱ።

2ኛ፤ ስለ ላምባና ስለ ቤንዚን። ዝናም የነካው እንጨት እንቢ ሲል ቤንዚን የሚያፈስ ሰው አለ። የቤንዚን እንፋሎት ግን ለዐይን ሳይታይ በምድር ላይ ይሰራጫል፤ እሳቱም ክብሪት በጫረው ሰው ላይ ተመልሶ ይነሣል። ይልቁንስ ደረቅ ጭራሮ አስቀድሞ ከቤት ማኖር ይገባል።

3ኛ፤ ስለ ችቦ። የበራ ችቦ በሣር ክዳን ቤትና በገለባ ክምር አጠገብ አይለፍ፤ በጨዋታም በሰው ላይ አይወርወር። የናይሎን ልብስ ቀልጦ ከገላ ስለሚጣበቅ፣ የተንዘረፈፈ ልብስም ፈጥኖ ስለሚያያዝ፣ ችቦ የሚይዝ ልጅ እነዚህን አይልበስ።

4ኛ፤ ስለ ረመጥ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሕዝቡ ከአመዱ ወስዶ ግንባሩን ይቀባል። ረመጡ ግን ከአመድ በታች ተሰውሮ ብዙ ሰዓት ይቈያልና፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሕፃን ሳያውቅ ይረግጠዋል። አመዱን ዐዋቂ ሰው አውጥቶ ያድል፤ የቀረው ውሃ ይፍሰስበት።

5ኛ፤ ስለ ርችትና ስለ ጥይት። በከተማ በዓል የሚታየው ርችት ባሩድ ነውና ለልጅ አይሰጥም፤ ተለኵሶ ያልፈነዳውንም ማንም አያንሣ። ለደስታ ወደ ሰማይ የተተኰሰ ጥይትም ተመልሶ በሰው ላይ ሊወርድ ይችላል።

ምናልባት የልጅ ልብስ በእሳት ቢያያዝ፣ አይሩጥ፤ ሩጫ እሳቱን ያራግባልና። ወዲያው በምድር ተኝቶ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይንከባለል፤ በአጠገቡ ያለውም ሰው ወፍራም ጋቢ ጥሎ እሳቱን ያፍን። የተቃጠለው ገላ 20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት። ቀለበትና አምባር ገላው ሳያብጥ ይውለቅ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ ጭቃ ወይም እበት መቀባት ቍስሉን ያመረቅዘዋልና አይገባም። ውሃ የቋጠረውም አይፈንዳ። ከዚህ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው፤ የፊትና የእጅ ቃጠሎ ትንሽ ቢመስልም አይናቅ።

መምህሩ በዓሉ ሳይደርስ ልጆቹን በሜዳ አስተኝቶ መንከባለልን ያለማምዳቸው። የሰፈሩም ሽማግሎች በደመራው አጠገብ ውሃ የሞላ እንስራ ያኑሩ፤ ሕፃናቱንም የሚጠብቅ ሰው ይምረጡ። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ በዓሉ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይጐድልም።

ጥያቄ፤
ሀ) ልብሱ የተያያዘ ልጅ የማይሮጠው ስለ ምንድን ነው?
ለ) በቃጠሎ ላይ ቅቤ መቀባት ምን ጕዳት አለው?
ሐ) የጠፋ የሚመስለው ደመራ የሚያስፈራው ስለ ምንድን ነው?