ምዕራፍ 7፦ የግርጌዋን ቁጥር አትንኩ

ኬሚስትሪ ላይ «እኩልታውን ባላንስ አድርጉ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ የብዙ ልጆች እጅ የሚሄደው ወደ ላጲስ ነው። ቁጥር ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ ሌላ ይጽፋሉ፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ። ለዓመታት የሰፈር ልጆችን ሳስጠና ያየሁት ይህንኑ ነው። ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም። የአቶሞቹን ቆጠራ ሳያጠሩ ማመጣጠኑን ስለሚጀምሩ ነው። ስለዚህ እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ረጅሙን ጊዜ የምንሰጠው ለቆጠራው ነው። እሱ ከጠራ የቀረው የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ፎርሙላዎቹን ክፍል ውስጥ ጮክ ተብለው እንደሚነበቡ በራሳችን ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ደብተራችሁ ላይ በላቲኑ ጻፏቸው። በላቲኑ ስትጽፉ ትልቅ ፊደል ባያችሁ ቁጥር አዲስ ንጥረ ነገር ጀምሯል ማለት ነው። ትንሽ ፊደል ከተከተለችው የዚያው የንጥረ ነገሩ ምልክት ክፋይ ናት። «ሲ» እና «ኦ» ሁለቱም ትልልቅ ከሆኑ አንድ ካርቦንና አንድ ኦክስጅን ተያይዘዋል፤ «ኦ» ትንሽ ከሆነች ግን ኮባልት የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ብቻውን ቆሟል። የእጅ ጽሕፈት ማሳመር ዛሬ እንደ ትርፍ ነገር ተቆጥሮ ተትቷል። ኬሚስትሪ ላይ ግን የተዝረከረከ ጽሕፈት ውሸት ያናግራል።

አሁን ወደ ግርጌ ቁጥር እንምጣ። ከፊደሉ ቀኝ ዝቅ ብላ የምትጻፈው ትንሽ ቁጥር የምትናገረው ከአጠገቧ ስላለው ብቻ ነው። ኤች₂ኦ ውስጥ 2ቷ የሃይድሮጅን ናት፤ ኦክስጅኑ ቁጥር ስላልተጻፈበት አንድ ነው። ቅንፍ ካለ ደግሞ ከቅንፉ ውጭ ያለችው ቁጥር ውስጥ ያለውን ሁሉ ታባዛለች።

አንድ ዓመት ከገጠር መጥቶ አጎቱ ቤት እየኖረ የሚማር ልጅ አስጠና ነበር። ቅንፍ ያለበት ነገር ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። «ጋሼ፣ ይሄ የከተማ ልጆች ነገር ነው» አለኝ አንድ ቀን። አባቱ ምን እንደሚያርሱ ጠየቅሁት። ጤፍና ስንዴ ነው። ማዳበሪያስ? ዩሪያ። ጆንያውን በትከሻው ተሸክሞ ያውቃል፤ ጆንያው ላይ የተጻፈውን 46 የሚል ቁጥርም ያስታውሳል። ደብተሩ ላይ ሲኦ(ኤንኤች₂)₂ ብዬ ጻፍኩለት። «የተሸከምከው ይኸውልህ፤ ቁጠረው» አልኩት። ካርቦን 1፣ ኦክስጅን 1። ቅንፉ ውስጥ አንድ ናይትሮጅን አለ፣ በ2 ሲባዛ 2። ሃይድሮጅኑ 2 ነው፣ በ2 ሲባዛ 4። በድምሩ 8 አቶም። ከዚያ ክብደቱን አስላነው፦ ካርቦኑ 12፣ ኦክስጅኑ 16፣ ሁለቱ ናይትሮጅኖች 28፣ አራቱ ሃይድሮጅኖች 4፤ ሁሉም 60። ከ60ው 28ቱ ናይትሮጅን ነው ማለት ነው፤ በመቶ ሲሰላ 47 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ጆንያው ላይ ያለው 46 የናይትሮጅኑ ድርሻ ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ለአባቴ እነግረዋለሁ» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ቅንፍ አስፈርቶት አያውቅም።

ለልምምድ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ድፍርስ ውኃ ለማጥራት የሚጠቀሙበትን አሉሚኒየም ሰልፌት ቁጠሩ፤ ኤኤል₂(ኤስኦ₄)₃ ነው። 17 አቶም ካላገኛችሁ ቅንፉን ዘላችኋል።

ሁለተኛዋ ቁጥር ከፎርሙላው ፊት በትልቁ የምትጻፈው ናት። የፊት ቁጥር ስንት ጆንያ እንዳለ ትናገራለች፤ የግርጌ ቁጥር ጆንያው ውስጥ ያለውን ትናገራለች። 3ሲኦ(ኤንኤች₂)₂ ሲባል ሦስት ጆንያ ነው፤ እያንዳንዱ ውስጥ 8፣ በድምሩ 24 አቶም፣ ከዚህም 6ቱ ናይትሮጅን። ስናመጣጥን የጆንያውን ብዛት መጨመር እንችላለን። ጆንያውን ፈትቶ ውስጡን መለወጥ ግን ክልክል ነው። የምዕራፉ ርእስ ይህ ነው፤ በሁለት ታሪክ ላስረዳ።

የመጀመሪያው የጎረቤት ልጅ ነው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ውኃ ሲሆኑ እንዲያመጣጥን ተሰጠው፦ ኤች₂ + ኦ₂ → ኤች₂ኦ። በግራ ሁለት ኦክስጅን፣ በቀኝ አንድ። ልጁ ጊዜ አላጠፋም፤ ከኦክስጅኑ ግርጌ 2 ቁጥር ጨመረና ኤች₂ኦ₂ አደረገው። ቁጥሩ ገጠመ። እሱም ደስ አለው። ያ የጻፈው ግን ውኃ አይደለም፤ ፐሮክሳይድ ነው፣ ፀጉር ቤት ውስጥ ፀጉር ለማንጣት የሚጠቀሙበት። «ለእንግዳ ይህን በብርጭቆ ታቀርባለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሳያቋርጥ በዋለበት ቀን፣ ቡና አፍልተው ሲያበቁ ፍሙ አሳሳቸው። ማንደጃውን ከነፍሙ መኝታ ክፍል አስገቡት፤ ብርዱ እንዳይገባ በሩንም መስኮቱንም ዘጉ። ጭስ ስላልነበረው ምንም አልሰጉም። ሌሊት ልጃቸው ለሽንት ስትነሳ እግሯ ከድቷት ወደቀች። እናቲቱን የቀሰቀሳቸው የመውደቋ ድምፅ ነው። እየተንፏቀቁ በሩን ከፍተው ወጡ፣ ሁለቱም ተረፉ። ራስ ምታቱ ለቀናት አልለቀቃቸውም። ሰፈሩ «ከሰል አፈናቸው» አለ፤ ምን እንዳፈናቸው የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከሰል በቂ አየር ሲያገኝ ሲ + ኦ₂ → ሲኦ₂ ይሆናል። ይህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከሳንባችን የምናስወጣው፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት አረፋ ሆኖ የሚወጣው። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅኑ ሲያንስ ደግሞ 2ሲ + ኦ₂ → 2ሲኦ ይሆናል። ይህ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት የግርጌ 2 ናት። ደብተር ላይ ይህችን ቁጥር እንደ ቀልድ የሚያጠፋና የሚጽፍ ልጅ ስናገር ድምፄ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ይህን መጽሐፍ የያዛችሁ ሁሉ፣ ፎርሙላውን ብትረሱ እንኳ፣ ማንደጃ ይዛችሁ የተዘጋ ክፍል አትተኙ።

ለምን ማመጣጠን አስፈለገ ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ አቶም በኬሚካዊ ለውጥ አይጠፋም፣ አይፈጠርም። ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚዬ እ.ኤ.አ. በ1774 የታሸገ ዕቃ ውስጥ ቲን አግሎ ሲመዝን ጠቅላላ ክብደቱ አልተለወጠም ነበር፤ ዕቃው ሲከፈት ግን አየር ገባና ከበደ። ኦክስጅኑ ከቲኑ ጋር ስለተዋሐደ ቦታው ባዶ ሆኖ ነበር። በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ሕግ አድርጎ አስቀመጠው።

አሁን የእኔ መድኃኒት። ሰፌድ አምጡ። ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር ከየዓይነቱ አንድ አንድ እፍኝ ያዙ። ሽምብራው ካርቦን፣ ባቄላው ኦክስጅን፣ ምስሩ ሃይድሮጅን ይሁን። የሰፌዱን መሐል በስንደዶ ለሁለት ክፈሉት፤ ስንደዶው ቀስቱ ነው። በግራ በኩል ሁለት ምስር አንድ ላይ፣ ሁለት ባቄላ አንድ ላይ አስቀምጡ። በቀኝ በኩል ውኃ ሥሩ፤ ሁለት ምስርና አንድ ባቄላ። በግራ አንድ ባቄላ ይተርፋል። እሱን የት እናድርሰው? መጣል አይቻልም፤ ሁለተኛ ውኃ መሥራት አለብን። ሁለተኛው ውኃ ደግሞ ሁለት ምስር ይጠይቃል፣ ስለዚህ በግራ አንድ የሃይድሮጅን ጥንድ ይጨመራል። አሁን የሰፌዱን ክምር ቁጠሩና ጻፉ፦ 2ኤች₂ + ኦ₂ → 2ኤች₂ኦ። ባቄላውን በጣቱ ያነሳ ልጅ የግርጌ ቁጥር ለመለወጥ አያስብም፤ ውኃ ላይ ሁለተኛ ባቄላ ሲጨምር ውኃው እንደፈረሰ ዓይኑ ያየዋል።

ይህን ስመክር «እህል ማባከን ነው» ያሉኝ ወላጆች አሉ። አይባክንም፤ ጥናቱ ሲያልቅ ተለቅሞ ወደ ድስት ይገባል። ለአስጠኚ በየወሩ ብዙ ገንዘብ እየከፈሉ ልጃቸው አንዲት ፎርሙላ መቁጠር መቻሉን ግን አንድ ምሽት ቁጭ ብለው የማያዩ ወላጆች ያሳዝኑኛል። መልሱ የተሠራበትን ወረቀት ኮፒ አድርጎ መሸምደድ ልማድ ሆኗል፤ አሁን ደግሞ ጥያቄውን በስልክ ፎቶ አንስቶ መልሱን መገልበጥ መጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ የሆኑት በአንድ ምክንያት አይደለም፤ ሽምደዳ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ብዬ ግን አምናለሁ።

ወደ ሰፌዱ እንመለስ። የሚከብደው ላይ እጃችሁን አፍታቱ፤ ቡታጋዝ። ሲሊንደሩ ውስጥ ካለው ጋዝ አንዱ ቡቴን ነው፣ ሲ₄ኤች₁₀። ሲነድ ሲኦ₂ እና ውኃ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ያዙ፤ በየጎኑ አንድ ቦታ ብቻ ከሚገኘው ንጥረ ነገር ጀምሩ፣ ብቻውን የቆመውን ኦክስጅን ለመጨረሻ አቆዩት። አራት ሽምብራ አለ፣ ስለዚህ 4ሲኦ₂። አሥር ምስር አለ፣ ስለዚህ 5ኤች₂ኦ። አሁን በቀኝ ያለውን ባቄላ ቁጠሩ፤ 8 እና 5፣ 13። ባቄላ ግን በግራ የሚመጣው በጥንድ በጥንድ ነው፤ 13ን በጥንድ ብታስቀምጡ ስድስት ጥንድ ሆኖ አንዱ ብቻውን ይቀራል። ብዙ ተማሪ እዚህ ደርሶ የተሳሳተ መስሎት ሁሉንም ያጠፋል። አልተሳሳተም። ሁሉንም እጥፍ ማድረግ ብቻ ነው የቀረው፦ 2ሲ₄ኤች₁₀ + 13ኦ₂ → 8ሲኦ₂ + 10ኤች₂ኦ። ካርቦን 8 በ8፣ ሃይድሮጅን 20 በ20፣ ኦክስጅን 26 በ26። ይህን የመጨረሻ ቆጠራ ሳታደርጉ እስክሪብቶ አታስቀምጡ።

የብረት ዝገት በአጭሩ፦ ኤፍኢ + ኦ₂ → ኤፍኢ₂ኦ₃። ኦክስጅኑ በግራ 2፣ በቀኝ 3 ነው፤ ሁለቱ 6 ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ 4ኤፍኢ + 3ኦ₂ → 2ኤፍኢ₂ኦ₃።

የመጨረሻውን ለእናንተ እተወዋለሁ። የጠጅ ማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ ሲፈላ አልኮልና አረፋ የሚሠራው ጋዝ ይወጣዋል፦ ሲ₆ኤች₁₂ኦ₆ → ሲ₂ኤች₅ኦኤች + ሲኦ₂። ሰፌዱን አምጡና ሞክሩት፤ የፊት ቁጥሮቹ ትንንሽ ናቸው። አንድ አልኮል ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ስትቆጥሩ 5 ካገኛችሁ፣ ጫፍ ላይ ከኦክስጅን ጋር የተቀመጠችውን ረስታችኋታል፤ አንድ ምስር ጨምሩና እንደገና ቁጠሩ።