መንታ የፀነሰች እናት፦ የሚታገሡት ሕመምና የማይናቅ ምልክት

ርብቃ ዔሳውንና ያዕቆብን በፀነሰች ጊዜ ልጆቹ በማኅፀኗ ይገፋፉ እንደ ነበርና እርሷም ዝም ሳትል እግዚአብሔርን እንደ ጠየቀች በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 ተጽፎ እናገኛለን። በዚህ ትምህርት የምንመለከተውም መንታ የፀነሰች እናት ከሚሰማት ሕመም የትኛው በትዕግሥት እንደሚታለፍ፣ የትኛውስ ፈጥኖ ሊጠየቅበት እንደሚገባ ነው። «መንታ ቢሆን ነው» የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሹ ግን እናትን ሊያሳጣን ይችላል።

የሚጠበቁ ሕመሞች

በመንታ እርግዝና የእርግዝና ሆርሞን ስለሚበዛ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይበረታል። ማኅፀንም ቀድሞ ስለሚሰፋ የወገብ ሕመም፣ ቃር፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና የእግር ማበጥ ቀድመው ይመጣሉ። ጥቂት ጥቂት እያሉ ደጋግሞ መብላት፣ በጀርባ ሳይሆን በጎን መተኛት፣ ውኃና እንጨት ከመሸከም ማረፍ ሕመሙን ያቀልላሉ። ቃር ለሚያስቸግራት እናት በርበሬን መቀነስ ይረዳል፤ በርበሬ አምራች በሆነው በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ይህ ቀላል ምክር እንዳልሆነ እናውቃለን።

ድካምም የተለመደ ነው። ነገር ግን ከድካሙ ጋር ማዞር፣ የልብ ትርታና የዓይን ቆብ ውስጥ መንጣት ከታየ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጽንስ የእናቲቱን ደም ይሻማሉ፤ ወባ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በአጎበር መተኛት፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውንም የብረት እንክብል ሳያቋርጡ መውሰድ ያስፈልጋል። እንክብሉ ከቡና ወይም ከሻይ ጋር ከተወሰደ ጥቅሙ ይቀንሳል።

የማይናቁ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ እናቲቱ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ፦

1. ጽኑ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ ማበጥ፣ በላይኛው ሆድ የሚሰማ ሕመም ወይም ማንቀጥቀጥ። እነዚህ በመንታ እርግዝና ይበልጥ የሚከሠተው የደም ግፊት ምልክቶች ናቸው።
2. ደም ወይም የእንሽርት ውኃ መፍሰስ።
3. ጊዜው ሳይደርስ እየተመላለሰ የሚመጣ ምጥ። ከመንታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ይወለዳሉ።
4. ትኩሳት፣ ምግብና ውኃ የማያስቀር ትውከት ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ።

የካህናትና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

የንስሐ አባት ወደ ቤት የሚገባ፣ ቃሉም የሚሰማ አባት ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯን ስለ ምግቧ ይጠይቃት፤ በጾም ወራት ሳትቀምስ ውላ እንዳትጎዳ እንደ አቅሟ ይምከራት፣ ይፍቀድላትም። የሚያንቀጠቅጣትን እናት ቤተ ሰቦቿ ወደ ጸበል ብቻ ሊወስዷት ሲያስቡ፣ ጸሎቱና ጸበሉ ከሐኪም እንደማያስቀሯት የሚያስረዳ ከካህኑ የተሻለ ሰው የለም።

የመንታ ወሊድ በቤት ሊሆን አይገባም። ሁለተኛው ልጅ ተገልብጦ ወይም በጎን ሊመጣ፣ ከወሊድ በኋላም ብዙ ደም ሊፈስ ይችላልና ቀዶ ጥገና የሚደረግበት፣ ደም የሚሰጥበት ሆስፒታል ያስፈልጋል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በዋናው መንገድ ላይ ቢሆኑም ከገጠር ቀበሌዎች እስከ መንገዱ ድረስ በቃሬዛ ረጅም ጉዞ አለ፤ ክረምትም መንገዱን ያከብደዋል። ስለዚህ ሆዷ ከወሩ በላይ የገፋች እናት ቀደም ብላ በአልትራሳውንድ እንድትታይ፣ መንታ መሆኑ ከታወቀም ሰባተኛው ወር ሳያልቅ ተሸካሚዎች፣ የጉዞ ገንዘብና ደም ለጋሾች እንዲዘጋጁ፣ በእናቶች ማቆያም እንድትሰነብት ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር እንምከር።

ለውይይት

በአጥቢያችን መንታ የፀነሰች እናት አለችን? በሌሊት ብትታመም ማን ይጠራል? ቃሬዛውስ የት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ዛሬ መልስ ያዘጋጀ አጥቢያ በምጥ ሰዓት አይደናገርም።