የደጋ አየርና የደም መርጋት
ለሠፈራና ለዕርዳታ ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

ሕዝብን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር የመጓጓዣና የመጠለያ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ይታወቃል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ሲዛወሩ፣ ብዙዎቹ በረጅም ጉዞ ደክመው የደረሱት ወባን ወደማያውቁት ምድር ነበር። ስለሆነም ከፍታ በደም ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ መረዳት ለሥራው ኃላፊዎች ጠቃሚ ነው።

ሀ. ከፍታ ደምን እንዴት ይለውጣል?

በአየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ በደጋም በቆላም 21 በመቶ ያህል ነው። ሆኖም ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ በ3,500 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ኩላሊት ይህን ጉድለት ሲያውቅ ኤሪትሮፖየቲን የተባለውን ቅመም ያመነጫል፤ መቅኒም ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ሕዋሳቱ ከመጠን በላይ ሲበዙ ደም ይወፍራል፤ ዝውውሩም ይዘገያል። በዚህ ላይ ብርድ፣ የውሃ ጥምና ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ሲታከሉ ደም በእግር ሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። በሂማላያ ተራሮች ለረጅም ጊዜ በቆዩ የሕንድ ወታደሮች ላይ ይህ ሕመም በዝቶ መገኘቱ በጥናት ታውቋል።

ለ. ደገኛ ሁሉ ደሙ ወፍራም ነውን?

አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በፔሩዊው ሐኪም በካርሎስ ሞንሄ ስም በሚጠራው የከፍታ ሕመም ይያዛሉ። በአገራችን ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች ላይ ያገኘው የሄሞግሎቢን መጠን በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ ይህም ከቆላ ነዋሪ የማይለይ ነው። እንግዲህ በከፍታው ምክንያት ይበልጥ ሊጠነቀቅ የሚገባው ከቆላ ወጥቶ በደጋ የሚሠራው እንግዳ ሠራተኛ ነው። በረጅም ጉዞ ላይ ግን ሁሉም ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ሐ. በሥራ ላይ ሊደረግ የሚገባው

1. በረጅም ጉዞ ላይ በቂ የመጠጥ ውሃ ይያዝ፤ መኪናው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ቆሞ ተጓዦች ይንቀሳቀሱ። ለእርጉዞች፣ ለአራሶች፣ ለአረጋውያንና ለቁስለኞች ቅድሚያ ይሰጥ።

2. አንድ እግር ብቻ አብጦ የሚያም ከሆነ በወጌሻም ሆነ በሌላ ሰው መታሸት የለበትም፤ የረጋው ደም ሊነቀል ይችላልና። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ሲታይ ሕመምተኛው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

3. በቆላ የሚነሣ ትኩሳት «የአየር ለውጥ ነው» ተብሎ አይታለፍ። የደጋ ኑሮ ከወባ አይከላከልም። ወባ ደምን የሚያረጉ ሕዋሳትን ያሳንሳል፤ ኃይለኛው ዓይነት ደግሞ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል። የደም ምርመራና አጎበር ሠፋሪው ከመድረሱ በፊት ይዘጋጁ።

በመጨረሻም፣ በሠፋሪዎች መዝገብ ላይ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ የመጡበት ቦታ ከፍታ ቢመዘገብ፣ ጤና ጣቢያው ማንን አስቀድሞ መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል።