የዳንቴል ሥዕል አነባበብ

ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ካርታ ይነበባል፤ የሐኪም ቤት ካርድ ይነበባል፤ የዳንቴልና የሹራብ ጥለትም ይነበባል። የዛሬው ትምህርታችን በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው።

የጥለት መጽሐፍ የቆየ ነገር ነው። ፌዴሪኮ ቪንቾሎ የሚባል የቬኒስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1587 ፓሪስ ላይ ያሳተመው የዳንቴል መጽሐፍ በካሬ የተሠሩ ሥዕሎች አሉበት። ባርባራ ዎከር የተባለች አሜሪካዊትም እ.ኤ.አ. በ1968 ከ500 የሚበልጡ የሹራብ ጥለቶችን በአንድ መጽሐፍ ሰብስባ አወጣች። አሠራሩን የገለጸችው በቃላት ነበር። በ1972 ባወጣችው ሌላ መጽሐፍ ግን ጥለቶቹን በካሬ ሥዕል አሳየች። ይህ ለእኛ ይጠቅማል። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በባዕድ ቋንቋ ነው። ቃሉን ባናውቀው እንኳ ካሬውን መቁጠር ማን ይከለክለናል?

በነገሌና ከዚያ ወረድ ባሉት ቆላ ከተሞች፣ በፊልቱም በዶሎም፣ በቀን ሙቀት የሱፍ ሹራብ ማን ይለብሳል? ስለዚህ በጥጥ ክርና በኪሮሽ የሚሠራውን ዳንቴል እንያዝ።

ሥዕሉ ባዶ ካሬና ጥቁር ካሬ አለው። ባዶው ክፍት መስኮት ነው፤ ጥቁሩ የተደፈነ ነው። መስኮቱ የሚሠራው አንድ ቋሚ ተክሎ፣ 2 ሰንሰለት አልፎ፣ እንደገና ቋሚ በመትከል ነው። ለመድፈን በ2ቱ ሰንሰለት ፋንታ 2 ቋሚ ይገባል። ሌላ ምስጢር የለውም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። የዳንቴል ሥዕል ግን ከታች ወደ ላይ ነው፤ ግድግዳ ከመሠረቱ እንደሚነሣ። የመጀመሪያው መስመር ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንዲህ እየተመላለሰ ይሄዳል። ሥራውን በየመስመሩ ስለምናዞረው ነው።

አሁን ባለ 9 ካሬ ምስል እንሥራ። በመጀመሪያው መስመር 4 ባዶ፣ 1 ጥቁር፣ 4 ባዶ። በሁለተኛው 3 ባዶ፣ 3 ጥቁር፣ 3 ባዶ። በሦስተኛው 2፣ 5፣ 2። በአራተኛው 1፣ 7፣ 1። ከዚያ በመጣንበት እንመለሳለን፦ 5፣ 3፣ 1 ጥቁር። በ7 መስመር አራት ማዕዘን ያለው፣ በሹል ጫፉ የቆመ ምስል ይወጣል።

ስንት ሰንሰለት እንጀምር? እያንዳንዱ ካሬ 3 ይወስዳል፤ 9 ጊዜ 3፣ 27 ነው። ግን 27 አይበቃም፤ 28 ነው። ለምን ቢባል፣ የከብት በረት አጥር አስቡ። በአጥሩ ላይ 9 ክፍተት እንዲኖር 10 እንጨት መትከል ያስፈልጋል፤ የመጨረሻውን ክፍተት የሚዘጋ እንጨት አለና። በ28ቱ ላይ ለመነሻው ቋሚና ለመጀመሪያው መስኮት 4 ጨምረን 32 እንሠራለን፤ የመጀመሪያውን ቋሚ ከኪሮሹ ስንቆጥር 8ኛው ሰንሰለት ላይ እንተክላለን።

የክሩ ውፍረትና የእጅ መጥበቅ ከሰው ሰው ይለያያልና መጀመሪያ ናሙና ይሠራ። የአንዱ ምስል ስፋት 12 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ለ48 ሳንቲ ሜትር የትሪ ልብስ 4 ምስል ይበቃል፤ 36 ካሬ ማለት ነው። ናሙናውን የናቀች ሴት ሁለት ቀን ሠርታ ትፈታለች።

መጽሐፉን እንዳለ መገልበጥ ግን ግዴታ አይደለም። ጠርዙን ከአንዱ ገጽ፣ መሐሉን ከሌላው መውሰድ ይቻላል። እንዲያውም ሁሉም ከመጽሐፍ ይምጣ ያለው ማነው? የቦረና እናቶች ከተክል ሥር ጭረት፣ ወተት እስኪይዝ ድረስ አጥብቀው የሚሰፉት ጎርፋ አለ። ያንን የሚሰፋ እጅ ሳይቆጥር አይሰፋም፤ ሸማኔም ጥለት ሲያወጣ ድር ይቆጥራል። ነገሌ ላይ ለአንዲት እናት የካሬ ሥዕል ባሳያቸው በጣታቸው ቆጠሩና፣ «ልጄ፣ ይህንን እኮ እኔ ሳላይ እሠራዋለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ችግሩ ቁጥሩ ያለው በእሳቸው ጣት ብቻ መሆኑ ነው። ልጃቸው ከተማ ገብታ ፕላስቲክ ጀሪካን ከያዘች፣ ጥለቱ ከእናትየው ጋር ይቀራል። በልጅቷ ካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ከተጠቆረ ግን ልጅቷም፣ የልጅ ልጅም ይሠሩታል፤ በዳንቴልም ቢሆን።

እርግጥ ክብ ዕቃ ላይ ያለ ጥለት ሁሉ በቀጥታ ወደ ካሬ አይገባም። ሰያፍ መስመር በካሬ ላይ እንደ ደረጃ ይሰበራል፤ ክብማ ጨርሶ ይጎረብጣል። እንዲህ ሲሆን ትልቅ አድርጎ፣ በብዙ ካሬ መሣል ይሻላል።

መልመጃ፦ አንዲት ሴት ከላይ ያየነውን ባለ 9 ካሬ ምስል 5 ጊዜ ጎን ለጎን መሥራት ፈለገች። ናሙናዋ 11 ሳንቲ ሜትር ወጣ። ስንት ሰንሰለት ትጀምራለች? ሥራው ስንት ሳንቲ ሜትር ይሰፋል? (መልስ፦ 136 እና 4፣ በድምሩ 140 ሰንሰለት፤ 55 ሳንቲ ሜትር።)