ለድምፅ የታሸገ ክፍል እሳት ሲነሳበት

ጥያቄ፦ ኤምሬትስ፣ አል አይን ሰናይያ (የኢንዱስትሪ ሰፈር) ውስጥ ከመጋዘን ጎን ክፍል ተከራይተን የዘፈንና የቪዲዮ ስቱዲዮ እያደራጀን ነው። ግድግዳውን ስፖንጅ ልናለብሰው አስበናል። ለእሳት አደጋ ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ ስፖንጁን ገና ካልለጠፋችሁት እባካችሁ ተዉት። ከሁሉ የከፋው አደጋ እሱ ነው። የፍራሽ ዓይነት ስፖንጅ በቅጽበት ይቀጣጠላል፤ ጭሱም ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ 100፣ በ2013 ብራዚል፣ ሳንታ ማሪያ ውስጥ 242 ሰዎች በምሽት ክበብ ያለቁት ርችት ለድምፅ የተለጠፈ ስፖንጅ አቀጣጥሎ ነው። በምትኩ ሮክ ዉል (የድንጋይ ሱፍ) እሳት በሚቋቋም ጨርቅ ሸፍናችሁ ተጠቀሙ፤ ድምፅም በደንብ ይውጣል። ሻጩ “አይቃጠልም” ካላችሁ የፍተሻ ሰርተፊኬቱን ጠይቁት።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ፦ በታሸገ ክፍል ሄድፎን አድርጎ የሚዘፍን ሰው የአደጋ ደወል አይሰማም። ስለዚህ መቅጃ ክፍሉ ውስጥ ከደወሉ ጋር የተያያዘ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይግባ። በሩ ከውስጥ ቁልፍ ሳያስፈልግ ይከፈት። የጭስ ጠቋሚውን በምንም አትሸፍኑት።

ኤሲውንና የቪዲዮ መብራቶቹን በአንድ ማከፋፈያ ገመድ አትደርድሩ፤ የካሜራ ባትሪም ሰው በሌለበት ቻርጅ ላይ አይደር። ለኤሌክትሪክ እሳት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ጥሩ ነው፣ ግን በጠባብ ክፍል አየር ያሳጣል፤ ረጭታችሁ ወዲያው ውጡ። ስቱዲዮው ውስጥ ማንም አይተኛ።

ክፍሉን ከመከፋፈላችሁ በፊት የአከራዩንና የሲቪል ዲፌንስን (የእሳት አደጋ መከላከያን) ፈቃድ አግኙ። እሳት ከተነሳ ዕቃ ለማትረፍ ሳትዘገዩ ውጡና ወደ 997 ደውሉ።