«እኔ ማን ነኝ?»፦ የልቡና ምንነትና ራስን መመርመር በራማና ማሃርሺ ትምህርት

አድቫይታ ቬዳንታ በመባል የሚታወቀው የህንዱ ፍልስፍና መሠረታዊ አቋሙን የሚገልጸው በአሉታ ነው፤ ስሙ ራሱ «ሁለት አለመሆን» ማለት ነውና። በዚህ አስተምህሮ መሠረት አትማን የሚባለው የሰው እውነተኛ ማንነትና ብራህማን የሚባለው የህላዌ ሁሉ መሠረት አንድ ናቸው፤ የተለያዩ የሚመስሉት ባለማወቅ ምክንያት ነው። አስተምህሮውን በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በስፋት ያደራጀው ሻንካራ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ትኩረት ግን በደቡብ ህንድ የኖረው ራማና ማሃርሺና «ራስን መመርመር» የተሰኘው ትምህርቱ ነው። መነሻ የሚሆነንም አንድ ጥያቄ ነው፦ ልቡና ራሱ የስሕተቱ ምንጭ ከሆነ፣ በዚያው በልቡና የሚካሄድ ምርመራ እንዴት ከስሕተት ሊያወጣ ይችላል?

ራማና በ1879 በታሚል ናዱ ምድር፣ ቲሩቹሊ በተባለች ከተማ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1896፣ የ16 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ በማዱራይ ከተማ በአጎቱ ቤት ድንገተኛ የሞት ፍርሃት ያዘው። ለእርዳታ ማንንም አልጠራም፤ እንደ አስከሬን ተዘርግቶ፣ ሥጋ ሲሞት የሚሞተው ማን እንደሆነ ራሱን መረመረ። ከሳምንታት በኋላ ከቤቱ ወጥቶ በአሩናቻላ ተራራ ሥር ወደምትገኘው ቲሩቫናማላይ ሄደ፤ በ1950 እስኪሞትም ድረስ ከዚያ አልተለየም። ለተመራማሪ ዋናው ነገር የዚህ ታሪክ ቅደም ተከተል ነው። ወጣቱ ከዚያ በፊት ያነበበው የሺቫ ቅዱሳንን ገድል የሚተርከውን ፔሪያ ፑራናምን እንጂ የቬዳንታ ድርሳናትን አልነበረም። የአድቫይታን ቃላት ያገኘው ኋላ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን የሻንካራ ማብራሪያ ብቻ አድርጎ ማንበብ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው፣ ነገሩን ከጅራቱ መያዝ ነው።

ዋነኛው ጽሑፍ አጭር ነው። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ሲቫፕራካሳም ፒላይ የተባለ ሰው በተራራው ዋሻ ለሚኖረው ወጣት መናኝ ተከታታይ ጥያቄዎችን አቀረበ። ራማና በዚያ ዘመን እምብዛም አይናገርም ነበርና መልሱን የሰጠው በጽሑፍ ነው። ይህ ጥያቄና መልስ «ናን ያር» (እኔ ማን ነኝ) በሚል ርእስ በ1923 ታተመ፤ በኋላም ራማና ራሱ በመጣጥፍ መልክ አዘጋጀው።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ልቡና የሚሰጠው ብያኔ ከቀደምቶቹ ይልቅ ቀላል ነው። የቬዳንታ ሊቃውንት ውስጣዊውን የዕውቀት መሣሪያ በአራት ተግባራት ይከፍሉታል፦ የሚያመነታው ማናስ፣ የሚወስነው ቡድሂ፣ «እኔ» የሚለው አሃምካራ፣ የሚያስታውሰው ቺታ። ራማና ግን ልቡና ከሐሳቦች ውጭ ሌላ ምንም እንዳልሆነ ይናገራል። ሐሳቦች ሁሉ ቢወገዱ «ይህ ልቡና ነው» ተብሎ ተነጥሎ የሚታይ ነገር አይተርፍም። ከሐሳቦችም ሁሉ ቀድሞ የሚነሣው «እኔ» የሚለው ሐሳብ ነው፤ ሌሎቹ በእርሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። «ተራብሁ»፣ «ፈራሁ»፣ «ነገ ፈተና አለብኝ» የሚሉት እርስ በርሳቸው ቢለያዩም ባለቤታቸው አንድ ነው።

ከዚህ ብያኔ ዘዴው ይመነጫል። እያንዳንዱን ሐሳብ ለብቻው መታገል ቅርንጫፍ እየቆረጡ ዛፍን ለማድረቅ እንደመሞከር ነው። ይልቁንም ሐሳቡ ሲነሣ ለማን እንደተነሣ ይጠየቃል፤ መልሱ «ለእኔ» ይሆናል፤ ቀጥሎም ይህ «እኔ» ማን እንደሆነ ይመረመራል። ጥያቄው የሚደጋገም ጸሎት አይደለም፤ ቃላዊ መልስም አይጠብቅም። ተግባሩ ትኩረትን ከሚታየው ወደ ተመልካቹ መመለስ ብቻ ነው። ትንፋሽን መግዛትን የመሳሰሉት የዮጋ ልምምዶችም ቢሆኑ ልቡናን ለጊዜው ያሳርፉታል እንጂ ሥሩን አይነቅሉትም ይላል።

ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ራማና የሰጠው ምሳሌ ከአስከሬን ማቃጠያ ስፍራ የተወሰደ ነው፦ እሳቱ የሚቆሰቆስበት እንጨት በመጨረሻ ራሱም እሳቱ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፤ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ሐሳብም ሌሎችን ሐሳቦች ካጠፋ በኋላ እንዲሁ ይጠፋል። ምሳሌው ውብ ቢሆንም በእኔ ግምት ሙሉ መልስ አይሰጥም። እንጨቱን እሳት ውስጥ የሚጥለው ሌላ ሰው ነውና። የተሻለውን መልስ የምናገኘው በቃል ከተላለፉት ትምህርቶቹ በአንዱ ነው። በሰርግ ቤት አንድ ያልተጠራ ሰው ገብቶ ይንጎራደዳል፤ የሙሽሪት ወገኖች ከሙሽራው ጋር የመጣ ክቡር እንግዳ ይመስላቸዋል፤ የሙሽራው ወገኖችም በተቃራኒው ያስባሉ፤ ሁለቱም ይጋብዙታል። ሁለቱ ወገኖች ስለማንነቱ መጠያየቅ ሲጀምሩ ግን ሹልክ ብሎ ይጠፋል። ማንም በኃይል አላስወጣውም። የኖረው ባለመጠየቁ ብቻ ነበር። «እኔ» የሚለው ሐሳብም ከሥጋ ወገንም ከንጹሕ ንቃት ወገንም ሳይሆን በሁለቱ መካከል በተሳሳተ ግምት የቆመ ነው። ስለዚህ ልቡና ራሱን ማጥፋት አይጠበቅበትም፤ ሲፈለግ አለመገኘቱ ይበቃል።

ይህ ከሆነ ግን ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ዴቪድ ሁም በ1739 መታተም በጀመረው ድርሳኑ ወደ ውስጥ በተመለከተ ጊዜ ስሜቶችንና ሐሳቦችን እንጂ «እኔ»ን እንዳላገኘ ጽፏል፤ ቡድሂስቶችም ከብዙ ዘመናት በፊት ዘላቂ ማንነት እንደሌለ አስተምረዋል። እንግዳው ከጠፋ በኋላ ቤቱ ባዶ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን? የአድቫይታ መልስ በከባድ እንቅልፍ ላይ ይቆማል። ሰው ሕልም ከሌለው እንቅልፍ ሲነቃ ደኅና እንደተኛና ምንም እንዳላወቀ ይናገራል። በዚያ ጊዜ ሐሳብ አልነበረም፤ እንግዲያስ ልቡናም አልነበረም፤ ሰውየው ግን መኖሩን አላቋረጠም። የኒያያ ሊቃውንት ይህን አይቀበሉም፤ የነቃው ሰው የሚናገረው ትዝታ ሳይሆን ድምዳሜ ነው ይላሉ። አድቫይታውያን በበኩላቸው፣ አለማወቁ ራሱ በዚያን ጊዜ ካልታወቀ በኋላ ሊታሰብ አይችልም ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ በማስረጃ ብቻ የሚፈታ አይመስለኝም፤ ለራማናም ቢሆን የእንቅልፉ ማስረጃ መርማሪውን ለማነሣሣት እንጂ ምርመራውን ለመተካት አልቀረበም።

እዚህ ላይ የአንባቢን ጥንቃቄ የሚሻ የጽሑፍ ታሪክ አለ። «ናን ያር» በመጀመሪያ መልሱ ረጅም የአሉታ ዝርዝር ይዟል፦ ሥጋ አይደለሁም፣ የስሜት ሕዋሳት አይደለሁም፣ ትንፋሽ አይደለሁም፣ ልቡናም አይደለሁም እያለ ይሄዳል። በራማና ተከታዮች ዘንድ እንደሚነገረው ይህን ዝርዝር የጨመረው ለማብራራት ያሰበው ፒላይ ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም። ዝርዝሩን እንደ ዘዴ የወሰደ ጀማሪ ምርመራውን የቃላት ልምምድ ያደርገዋል፤ «አይደለሁም» የሚለው «እኔ» ግን ሳይነካ ይቀራል። ራማና በሌሎች ንግግሮቹ አሉታውንም፣ «እኔ እርሱ ነኝ» የሚለውን ማሰላሰልም የልቡና ሥራዎች ብሎ ከምርመራው ይለያቸዋል።

በመጨረሻ ስለ አማርኛው። በሳንስክሪት አትማን ከፍልስፍና ቃልነቱ ባሻገር እንደ «ራሱ» ያለ ተራ ተውላጠ ስም ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ «ነፍስ» ከሚለው ይልቅ «ራስ» ይቀርበዋል። «ነኝ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «‑ኝ» ደግሞ በመልኩ የተሳቢ ምዕላድ ነው፤ «መታኝ»፣ «ጠራኝ» እንደምንለው። በአማርኛ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ባለቤቱንና ተሳቢውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አጋጥሟል። ይህ የሰዋስው አጋጣሚ እንጂ የፍልስፍና ማስረጃ አይደለም፤ ለማስተማሪያ ግን ይጠቅማል። ማናስን «አእምሮ» ብሎ መተርጎም በአንጻሩ ያሳስታል። ቃሉ ከግእዙ «አእመረ»፣ ማለትም «ዐወቀ» ከሚለው የመጣ ነውና ልቡናን ዐዋቂ ያደርገዋል፤ አድቫይታ ግን ልቡና በሌላ ብርሃን የሚታይ እንጂ በራሱ የሚያውቅ አይደለም ይላል። በዚህ ጽሑፍ «ልቡና» የተመረጠው ለዚህ ነው። እርሱም ሳንክ አያጣውም፦ ራማና የልቡናን ምንጭ «ልብ» ስለሚለው፣ «ልቡና ወደ ልብ ይመለሳል» የሚለው አማርኛ ተርጓሚው ካሰበው በላይ የቃላት ጨዋታ ይመስላል።