ብድር የለመደች መኪና

አንድ የገበሬዎች ማኅበር አንዲት አነስተኛ የጭነት መኪና ነበረችው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ታመጣለች። እህል ገበያ ታደርሳለች። በሽተኛ ሲኖርም ወደ ጤና ጣቢያ ትወስዳለች።

ይህች መኪና አንድ ክረምት አመል አወጣች። ጧት ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር "ጠቅ" ትልና ዝም ትላለች። ያን ጊዜ የወፍጮ ቤቱ መኪና ይጠራል። የሁለቱ መኪናዎች ባትሪ በወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ይገናኛል። መኪናዋም ከጎረቤቷ ኃይል ተበድራ ትነሣለች። ቀኑን ስትሠራ ትውላለች። በነጋታው ግን ያው "ጠቅ" ነው።

አባላቱ ተሰብስበው፣ "ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ" አሉ። ገንዘብ አዋጥተው ገዙ። አዲሱ ባትሪ ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ሌሊት አንዲት እናት ምጥ ጠናባት። ሾፌሩ ሮጦ ቁልፉን ቢያዞር መኪናዋ "ጠቅ" ብላ ቀረች። የወፍጮ ቤቱ መኪና ደግሞ ከተማ አድሮ ነበር። ጎረቤት ተጠራርቶ እናቲቱን በቃሬዛ ተሸክሞ በጭቃና በጨለማ ተጓዘ። ደግነቱ እናትም ልጅም ዳኑ። ሲነጋ ግን ሁሉም፣ "እንዴ! አዲስ ባትሪ ገዝተን የለም ወይ? ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?" ተባባሉ።

እኛም ይህንኑ ጥያቄ እንመርምር።

ባትሪ እንደ ጎተራ ነው። እህል ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይል ይከማችበታል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖ የሚባለው ክፍል ከዚህ ጎተራ ብዙ ኃይል ወስዶ ሞተሩን ያስነሣል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዲናሞ የሚባለው ክፍል ኃይል እያመረተ ጎተራውን መልሶ ይሞላል። ዲናሞውን የሚያዞረው ሾፌሮች ቺንጋ የሚሉት የጎማ ቀበቶ ነው።

መኪናዋ በብድር ኃይል ወዲያው መነሣቷ አንድ ነገር ይነግረናል። ነዳጁ ይደርሳል፤ ሞተሩ ይሠራል፤ ሞተሪኖውም ይዞራል። ጎደሎው ኃይሉ ነው። ስለዚህ ስለ ጎተራው አራት ነገሮችን እንጠይቅ። ገንዘብ ከማያስወጣው እንጀምር።

1. የጎተራው አፍ ተደፍኗል ወይ? በባትሪው ራስ ላይ ገመዶቹን የያዙትን ሁለት ማሰሪያዎች እንይ። ላልተዋል ወይ? ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ይዟቸዋል ወይ? ይህ ካለ ኃይል እንደ ልብ አይገባም፤ አይወጣምም። ሞተሩ ጠፍቶ ማሰሪያዎቹ ይፈቱ፤ በሽቦ ብሩሽ ይጽዱ፤ ተመልሰው ይጥበቁ። ሲፈታ የመቀነስ ምልክት (-) ያለበት ይቀድማል። ሲታሰር ግን እሱ የመጨረሻ ነው።

2. አዝመራው ይገባል ወይ? የመካኒክ መለኪያ ይህን ይናገራል። የትንሽ መኪና ባትሪ 12 ቮልት ይባላል። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ግን ቁጥሩ ወደ 14 መውጣት አለበት። እዚያው 12 ላይ ከቀረ ወይም ከወረደ ዲናሞው አልሞላም ማለት ነው። ያን ጊዜ ቺንጋው ላልቶ ወይም አርጅቶ እንደሆነ ይታይ። ሞተሩ እየሠራ በሾፌሩ ፊት የባትሪ ሥዕል ያላት ቀይ መብራት ከበራችም ነገሩ ያው ነው።

3. ጎተራው ይይዛል ወይ? ባትሪ ያረጃል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ሞልቶ አድሮ ጧት ባዶ ከሆነ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ውሃው እንዳይጎድል ይታይ። የሚጨመረው ለባትሪ ተብሎ የሚሸጥ የተጣራ ውሃ እንጂ የወንዝ ውሃ አይደለም።

4. ሌሊት የሚሰርቅ አለ ወይ? ሳይጠፋ ያደረ መብራት ወይም ሬዲዮ እንደ አይጥ ጎተራውን ያራቁታል። ለመሞከር ማታ የመቀነስ ማሰሪያውን ፈትቶ ማሳደር ነው። ጧት ሲታሰር መኪናዋ ከተነሣች ሌባ አለ ማለት ነው።

ጥንቃቄ! በባትሪ ውስጥ አሲድ አለ። ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ዓይን ከነካ ደግሞ ሐኪም ይየው። ባትሪ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ክብሪትና ሲጋራ አጠገቡ አይቅረብ። ኃይል ሲበደሩ የሁለቱ ባትሪዎች ቮልት እኩል ይሁን። መደመር (+) ከመደመር ጋር ይገናኝ። ከዚያ የሁለተኛው ገመድ አንድ ጫፍ በአበዳሪው መቀነስ (-) ላይ ይታሰር። ሌላው ጫፍ በተበዳሪዋ ሞተር ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይታሰር። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ መፍታት ግን ዲናሞውን ያበላሻል።

አሁን ወደ ማኅበሩ መኪና እንመለስ። መካኒክ ተጠራ። ማሰሪያዎቹን አየ፤ ደኅና ናቸው። ሞተሩ እየሠራ ለካ፤ መለኪያው 12 ላይ ቀረ። ቺንጋውን በጣቱ ቢጫነው ረግቦ ተገኘ። በአዲስ ቺንጋ ለወጠና እንደገና ለካ፤ 14 ሆነ። የተጣለው አሮጌ ባትሪም ተሞልቶ ሲለካ ደኅና ነበር። የባትሪው ገንዘብ በከንቱ ወጥቷል።

"ቀይዋ መብራት አትበራም ነበር?" አለው መካኒኩ ሾፌሩን።

"ትበራለች። እኔ ግን ለመድኳት" አለ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ።

አንድ ሽማግሌ ይህን ሰምተው፣ "ልጄ፣ በየዓመቱ ዘር የሚበደር ገበሬ አበዳሪ ከመፈለጉ በፊት ጎተራው ለምን እንደሚጎድል ይጠይቅ" አሉት።

ብድር ለአንድ ጧት ያደርሳል እንጂ በሽታውን አያድንም። አባቶች ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። መለዋወጫ ከመግዛታችን በፊት እንመርምር።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አዲሱ ባትሪ በአራተኛው ሌሊት ለምን ባዶ ሆነ?
2. መኪናዋ በብድር ኃይል መነሣቷ ምን ያስረዳናል?
3. ሞተሩ እየሠራ መለኪያው 12 ቮልት ቢያሳይ ምን ይታያል?
4. በአካባቢያችሁ ሥሩ ሳይመረመር ገንዘብ የወጣበት ሌላ ነገር አለ? ተወያዩበት።